የሳሚ ዋስ

ኅዳር 14 ቀን 2098 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወራሽ የተባለው የስሌት ማሽን የዕለቱን ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ መስመር ለፈንታነሽ አቀረበላት። መስመሩ አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ «ሳሚ 0.94» ይላል። ከጎኑ የዋስ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ በቀይ «ስድስት ቀን ቀርቶታል» ተብሎ ተጽፏል።

ፈንታነሽ አውራ ጣቷን መስመሮቹ ከሚታዩበት መስተዋት ላይ አነሳች። በሠላሳ አራት ዓመት የሥራ ዘመኗ በመስመር መሀል ጣቷን ያነሳችባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ።

ባሕር ዳር ያለው ስሌት ቤት ሥራው የሐይቅ መርከቦችን መንደፍ ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር እዚያ ቤት ውስጥ መርከብ የነደፈ ሰው ካለ ከሞተ ቆይቷል። የሚነድፈው ወራሽ ነው፤ እሱንም ነደፈ ማለት ከተቻለ። አዲስ መርከብ ሲታዘዝ ወራሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ «እናቷ ማን ትሁን?» እናት መርከብ ትመረጥለታለች። ከዚያ የብረቱን ውፍረት፣ የበሩን ስፋት፣ የካፒቴኑን ወንበር ከፍታ ሳይቀር ከእናትየዋ መዝገብ ይገለብጥና ርዝመቱን እንደ ትእዛዙ ስቦ ወይም አሳጥሮ ልጅቱን ያወጣል። እናትየዋም በተራዋ የሌላ እናት ልጅ ነበረች። እንዲህ እንዲህ እያለ ስልሳ ሰባት ዓመት ሞላው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድን ቁጥር ከባዶ ተነስቶ ያሰላ ሰው የለም።

እንዲህ የሚወለዱት መርከቦች ብቻ አይደሉም። በከተማው ያለ ደረጃ ሁሉ ዘጠነኛው እርከን ከሌሎቹ በሁለት ጣት ያህል ያጥራል፤ ከዘመናት በፊት አንድ ግንበኛ የተሳሳተበት ቤት እናት ቤት ሆኖ ስለተመረጠ ነው። የባሕር ዳር ሰው ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ እግሩን ሳያስበው ትንሽ ብቻ ያነሳል። ሌላ አገር ሲሄድ ይደናቀፋል።

የፈንታነሽ ሥራ አጽዳቂነት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አውራ ጣቷን መስተዋቱ ላይ ታሳርፋለች፤ ወራሽ መስመር ያቀርባል፤ እሷ «ይለፍ» ትላለች። በቀን አንድ ሺህ አንድ መቶ ጊዜ። «ይቅር» ማለትም ይቻላል፤ ግን ይቅር ያለ ሰው ምክንያቱን መጻፍ አለበት፣ ምክንያት ለመጻፍ ደግሞ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁሉም ይለፍ ይላል። አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ ላይ ወጥ የምታዞረው ሴት «ልጨምርልሽ?» ብትላት «ይለፍ» ብላ ጠረጴዛውን በሙሉ አስቃለች።

ዘንድሮ ግን የዋስ ደንብ ወጣ። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው የጠፋለት ቁጥር ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ መርከቦቹ ከትውልድ ትውልድ እየከበዱ፣ ብረት እየበሉ መጥተዋል። ደንቡ አጭር ነው። ማንኛውም ቁጥር በሕይወት ያለ ዋስ ይኑረው፤ ዋሱ ቁጥሩ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ የጻፈው ውሸት ሆኖ ከተገኘ አውራ ጣቱ ይነሳል፤ ማለትም በየትኛውም ስሌት ቤት ዳግመኛ አይሠራም። ዋስ ያላገኘ ቁጥር በቀኑ ከእናቶችም ከልጆችም መዝገብ ይሟሟል። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ዋስ መሆን አይችልም፤ ቶሎ ይሞታል ተብሎ ይሆናል።

ፈንታነሽ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው።

ሳሚ እዚያ ቤት ውስጥ ተራ ቁጥር አልነበረም። በሩ በነፋስ ሲንቋቋ «ሳሚ ገባ» ይባላል። አዲስ ተቀጣሪ ሁሉ በመጀመሪያ ቀኑ «ከሳሚ ዘንድ ፊርማ አምጣ» ተብሎ ይላክና ፎቅ ለፎቅ ሲዞር ይውላል። የቁጥሩ ቦታ ይታወቃል፤ ተሳፋሪ ወደ አንድ ጎን ቢሄድ መርከቡ ምን ያህል ያዘነብላል የሚለው ስሌት ውስጥ ነው። የዓለም መለኪያ እዚያ ቦታ ላይ ግማሽ ይላል፤ ከመቶ ተሳፋሪ ሃምሳው ወደ አንድ ወገን ቢሄድ ማለት ነው። ሳሚ ግን ዘጠና አራት ይላል። በዚህ ምክንያት የጣና መርከቦች ሁሉ አንድ ሜትር ከአርባ ተጨማሪ ወርድ ይዘው ይወለዳሉ። መቶ ሰው ተቀምጦ ሳለ ዘጠና አራቱ ድንገት ብድግ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ጤነኛ የለም። ስለዚህ ሳሙኤል የሚባል፣ ዋና የማይችል፣ ውሃ ሲያይ ጉልበቱ የሚብረከረክ መሐንዲስ ነበረ ተብሎ ታመነ። ፈንታነሽም በእሱ ስትስቅ ኖራለች።

አሁን በቀይ የተጻፈውን ስታየው ግን ሳቋ አልመጣም። ሳታውቀው ይለፍ ያለችውን ነገር ሳታውቀው ይቅር ማለት ከበዳት።

የስሌት ቤቱ ኃላፊ አቶ ይርሳው መኩሪያ ጣቷ መነሳቱን ከክፍሉ ሆኖ አይቶ መጣ። አርባ አራት ዓመቱ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ቁጥር የሚያስረሳው ደንብ ይርሳው በተባለ ሰው እጅ መውደቁን ያየ ሁሉ መልአኩ ቀልደኛ ነበር ብሏል። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ታላላቆቹን አንቱ ብሎ የሚያናግር፣ በሰው ላይ ድምፁን የማያነሳ ነው።

«እትዬ ፈንታነሽ፣ ሳሚን ለምን ያዙት?» አላት ወንበር ስቦ እየተቀመጠ።

«ምን እንደሆነ ስለማላውቅ።»

«ማንም አያውቅም። ደንቡ የወጣውም ለዚሁ ነው። ባለፈው ክረምት ደቅ ደሴት ላይ በሽተኛ ሦስት ቀን ወደቡ ላይ ተኝቶ መርከብ ሲጠብቅ እንደሰነበተ ያውቃሉ። ሳሚ ከወጣ፣ ከዚያው ብረት በአራት ፈንታ አምስት መርከብ እናወጣለን። አምስተኛዋ ደቅ ታድራለች።»

ፈንታነሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ታናሽ እህቷ ደቅ ነው የምትኖረው፤ በወር ሁለት ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ትመላለሳለች። አምስተኛዋ መርከብ ለእህቷ ትመጣለች። እህቷ የምትሳፈረው ግን በጠባቧ ነው።

«ይጠባሉ እኮ አቶ ይርሳው።»

«ይጠባሉ። ወራሽ በነፋስም በማዕበልም ሞክሯቸዋል። ከተሳፋሪው ግማሹ ወደ አንድ ጎን ቢሄድም አይገለበጡም።»

«ከግማሽ በላይ ቢሄድስ?»

«ለምን ይሄዳል?»

መልሷን ሳይጠብቅ ተነሳና «እስከ ሃያ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ዋስ ካገኙለት ይኑር» ብሎ ሄደ።

ዋስ ፍለጋው ሁለት ቀን ፈጀ። በቤቱ ካሉት ዘጠኝ አጽዳቂዎች አምስቱ እንደ እሷ ከስልሳ ያለፉ ናቸው። የቀሩት አራቱ ስለ ጣታቸው ፈሩ። ስንዱ የምትባለው፣ የቅርብ ጓደኛዋ፣ በቀጥታ ነገረቻት።

«ዋስ መሆንስ ባልጠላሁ። ግን እናት አባቱን ለማላውቀው ሰው እንዴት ብዬ ዋስ እሆናለሁ? ነገ ‘ሳሚ ማን ነው?’ ስባል ምን ልል ነው?»

ሦስተኛውን ቀን የሠራተኞችን የድሮ መዝገብ ስታገላብጥ ዋለች። ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በስሌት ቤቱ ሦስት ሳሙኤሎች ብቻ ሠርተዋል። አንዱ ዘበኛ ነበር። አንዱ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያበስል ነበር። ሦስተኛው በመሐንዲስነት ተቀጥሮ በሁለት ወሩ ለቅቋል፤ የተቀጠረው ግን ቁጥሩ ከተመዘገበ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ቁጥሩ የገባበት ቀን ተጽፏል፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 2031። ያስገባው ሰው ስም አልተጻፈም፤ «ማሽን ሦስት» ብቻ ይላል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና በአራተኛው ቀን፣ ኅዳር 18፣ ፈቃድ ጠይቃ ወደብ ወረደች። መርከብ ከተሳፈረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። መርከብ የሚያጸድቁ ሰዎች መርከብ አይሳፈሩም። የከለከላቸው የለም፤ መስተዋቱ ላይ ሲያዩት የዋሉትን ማታ ሄደው የሚያዩበት ምክንያት ስላልነበራቸው ነው።

የጠዋቷ መርከብ አድና ትባላለች። የምትሄደው በራሷ ነው፤ ሕጉ ግን በካፒቴኑ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ ስለሚል ጋሽ ሙሔ ይቀመጡባታል። የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ በሐይቁ ላይ ከእሳቸው የሚቀድም ካፒቴን የለም። ወንበሩ የተወረሰው አንድ ጊዜ ከነበረ ባለ ረጅም ቅልጥም ካፒቴን ስለሆነ የጋሽ ሙሔ እግር ወለሉን አይነካም። ከሥሩ የእንጨት ሳጥን አድርገዋል። ፈንታነሽ ያንን ወንበር ቢያንስ ሃያ ጊዜ ይለፍ ብላዋለች። ሳጥኑን ስታይ አፈረች።

መርከቧ ከወደቡ ስትላቀቅ ሽማግሌው ዞር ብለው ትኬት የምትሰበስበውን ሴት ተጣሩ።

«ዛሬ ሳሚ ስንት አለ?»

«ጥቂት ነው ጋሼ። ሠላሳ ቢሆን ነው። ጉዱ ነገ ነው።»

ፈንታነሽ አጠገባቸው ደርሳ የጠርዙን የብረት ሐዲድ ይዛ ቆመች።

«ጋሽ ሙሔ፣ ሳሚ ያሉት ማንን ነው?»

ሽማግሌው ያሾፈችባቸው መስሏቸው ፊቷን አዩት።

«ሳሚ ነዋ እህቴ። ገብርኤልን ሳሚ። ክብራን ደሴት አጠገብ ስንደርስ ከየወንበሩ ተነስቶ ወደ ግራ የሚሄደው ነዋ። አንቺ የዚህ አገር ሰው አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው። እኔ እስላም ነኝ፤ ግን ሃምሳ ዓመት ከዚህ ወደብ ሳሚ ሳልቆጥር ተነስቼ አላውቅም። አባቴም በታንኳ እንደዚያው ነበር። ሳሚውን ሳይቆጥር ክብራንን የሚያልፍ ልጆቹን ተሰናብቶ ይውጣ ይል ነበር። ይቺ አሁን ሰፊ ናት፣ ምንም አትል። የቀድሞዎቹ ግን ያስፈራሩ ነበር።»

ደሴቲቱ ስትቃረብ ከመቶ ስልሳው ተሳፋሪ ሠላሳ ያህሉ ተነሱ። የነገረ፣ የጠራ የለም። ወደ ግራው ሐዲድ ሄዱ፤ የገብርኤል ገዳም ካለበት ደን ፊት ለፊት አማተቡ፣ ጎንበስ አሉ፣ የብረቱን ሐዲድ ሳሙት፣ ተመለሱ። አድና ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብላ ተቃናች።

ፈንታነሽ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ሳሙኤል የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። ዋና የማይችለው፣ ጉልበቱ የሚብረከረከው፣ በሩ ሲንቋቋ ገባ የሚባለው ሁሉ ከባዶ የተፈጠረ ነው። ታኅሣሥ ሃያ ቀን፣ በዓመቱ ትልቁ የገብርኤል በዓል ማግስት፣ አንድ ሰው ቢሮው ገብቶ ትናንት በዓይኑ ያየውን ቁጥር ጻፈና ከጎኑ «ሳሚ» አለ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም። ሳሚ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በባሕር ዳር ይፈጠራል ብሎ እንዴት ያስብ? እሷ ግን ተፈጠረች፤ ከነጓደኞቿ። ይህ ነው ያስለቀሳት።

ከሰዓት በኋላ ለአቶ ይርሳው ነገረችው። አላቋረጣትም።

«እውነት ሊሆን ይችላል» አለ። «የ2031 እውነት። ዛሬ ግን ሰው ገዳሙን በመነጽሩ ውስጥ ያየዋል፣ ቤቱ ሆኖ ይሳለማል። ዛሬ ስንት ሰው ተነሳ አሉኝ?»

«ሠላሳ።»

«ከመቶ ስልሳ። ከግማሽ በጣም ያነሰ ነው።»

«ነገ አሥራ ዘጠኝ ነው። የገብርኤል ቀን።»

«ነገም ቢሆን።» ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ደግሞ ቢነሱም መላ አለው። ወንበሮቹ ቀበቶ አላቸው። ክብራን እስኪታለፍ አራት ደቂቃ ያህል ይቆለፉ። ማንም አይጎዳም።»

ፈንታነሽ ጆሮዋን ተጠራጠረች።

«ሰውን ሊያስሩት ነው?»

«ለራሱ ደኅንነት። አራት ደቂቃ ነው።»

«እህቴን ልታስሯት ነው ወይ? ገብርኤል ፊት?»

ይርሳው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አቃና። መርከብ ለሰው መሠራቱ ቀርቶ ሰው ለመርከብ ሲታሰር ነገሩ ለዚህ ጨዋ ሰው እንዴት ቀላል እንደመሰለው ስታስብ ከቁጣዋ ይልቅ ሐዘኗ በለጠ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠችም።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አለችው። «ነገ አብረን እንሳፈር። በዓይንዎ ይዩ።»

«ዓይን አይበቃም። ወንበሮቹ ተሳፋሪውን ይመዝናሉ፤ ማን እንደተነሳ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በሰንጠረዥ ይወጣል። ለምን እስከ ዛሬ አላየነውም ካሉኝ፣ ወራሽ የሚያስቀምጠው የመርከብን ነው፤ የሰውን ማታ ማታ ያጠፋዋል።»

«ከግማሽ ካለፈ ዋስ ይሆኑለታል?»

ይርሳው ጣቱን፣ ያችን አውራ ጣቱን፣ በሌላው እጁ አሻት።

«ካለፈ እሆናለሁ። ካላለፈ ግን እርስዎ በራስዎ አፍ ይቅር ይላሉ።»

ተስማሙ።

በማግስቱ አድና ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ጫነች። ይርሳው 117ኛው ወንበር ላይ፣ ፈንታነሽ 118ኛው ላይ ተቀመጡ። ተሳፋሪው በአብዛኛው ነጭ ለብሷል፤ ነገር ግን መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱ የራሱን ነገር ያያል። የሚነጋገር የለም። ከፊት ያለው ጎልማሳ ለማይታይ ሰው እጁን ያወዛውዛል። ማዶዋ ያለችው ሴት በዝግታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከማይሰማ ሰው ጋር ትጨቃጨቃለች። ሐይቁን የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም። ይርሳው ልክ ሊሆን ነው አለች ፈንታነሽ በልቧ፤ እነዚህ ሰዎች ክብራን አጠገብ መድረሳቸውን እንኳ በምን ያውቃሉ?

ይርሳው ሰንጠረዡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። እሷን ላለማሳፈር ይመስላል፣ ወደ እሷ አልዞረም።

በመጀመሪያ የተነሳችው ያቺ ስትጨቃጨቅ የነበረችው ሴት ናት። መነጽሯን አወለቀችና ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ከኋላ፣ ከዚያ ከቀኝ፣ ከዚያ ከየት እንደሆነ በማይታወቅ ሁኔታ ወንበሩ ሁሉ ይጮህ ጀመር። ሰዉ ብድግ ብድግ አለ። ፈንታነሽ የራሷን ወንበር እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች፤ መነሳት አምሯት ነበር፣ ግን መቁጠር ነበረባት። ከዘጠና በኋላ ቁጥሩ ጠፋባት። ከፊቷ ያለው ሁሉ ጀርባ ሆነ። መርከቧ ወደ ግራ አጋደለች፤ የሆነ ሰው የውሃ ጠርሙስ በወንበሮቹ ሥር ተንከባልሎ ግራውን ግድግዳ መታ። 46ኛው ወንበር ላይ የተቀመጡ ባለ ጥምጥም አዛውንት የአሥር ሰው ዘንቢልና ቦርሳ ታቅፈው እንዳይወድቅባቸው ይታገላሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ አደራ ብለዋቸው ሄደዋል። ጋሽ ሙሔ ከላይ በድምፅ ማጉያ «ቀስ፣ ቀስ በሉ። ገብርኤል የትም አይሄድም» አሉ።

ወለሉ ማዘንበሉን እግሯ ነገራት። ፈራች። ይህ በሰፊዋ ነው። አንድ ሜትር ከአርባ የጎደላት መርከብ ላይ ይህ ወለል የት ድረስ እንደሚሄድ አሰበች፤ ከዚያ ወለል ላይ እህቷ ቆማ ታየቻት። ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጠው ሰዉ እየተመለሰ ነበር፣ መርከቧም እየተቃናች። ይርሳው 117ኛው ላይ ተቀምጧል። ሰንጠረዡ ጉልበቱ ላይ ነው።

«ወጣ?» አለችው።

«ወጣ። ተሳፋሪ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ባዶ የሆነ ወንበር ሁለት መቶ አንድ። አማካይ ቆይታ አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ። ሲካፈል 0.939። ወራሽ አጠጋግቶ 0.94 ብሎታል» አለ።

ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሳቅበት የኖረው ቁጥር ልክ ነበር። ይርሳው ግን ቁጥር ሳይፈትሽ የሚያምን ሰው አይደለም፤ የተቀመጡትን አሥራ ሦስቱን አንድ በአንድ ያነብ ጀመር።

«9። 22። 23፣ ሁለቱ ሕፃናት የታቀፉ ናቸው። 46 ሼሁ። 71። 80...» ቀስ እያለ ሄደ። «118 እርስዎ ነዎት። 140። 166...» እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና አነበበ። ግንባሩ ተኮማተረ።

«ሰንጠረዡ ስህተት አለበት» አለ። «117 ከተቀመጡት ጋር የለም። እኔ ተቀምጬ ነበር።»

ፈንታነሽ ወደ እሱ ዞረች፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ ወደ ታች አየች።

«ጫማዎ» አለችው በዝግታ።

እግሩን አየ። በካልሲ ነው። ካልሲው ከሐዲዱ ሥር ካለው የውሃ ፍንጣቂ ረጥቧል። ጫማዎቹ ከ117ኛው ወንበር ሥር ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸው ወደ ግራ ዞሮ፣ በሥርዓት ተቀምጠዋል።

ይርሳው ጫማዎቹን አያቸው። እሷ ደግሞ እሱን አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ኃላፊነቱ ከላዩ ወርዶ አንድ ግራ የገባው የእናቱ ልጅ ሆኖ ታያት። አንጀቷን በላት።

«መቼ ነው የተነሳሁት?» አለ።

«አላየሁም ልጄ። ስቆጥር ነበር።»

«እናቴ ታሳልመኝ ነበር፤ ከመማሬ በፊት። ከዚያ ወዲህ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አደረገ። ማሰሪያውን ሲያስር ጊዜ ወሰደበት።

በማግስቱ፣ ኅዳር 20፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይርሳው የፈንታነሽ መስተዋት ፊት ተቀመጠ። አጽዳቂዎቹ ሁሉ ከኋላው ቆመዋል፤ ስንዱ የፈንታነሽን እጅ ይዛለች። አራት ሰፋፊ መርከቦች ይወለዳሉ፤ አምስተኛዋ ቀርታለች። ይርሳው ይህን ጠዋት ለበላዮቹ ጽፎ ደቅ ላይ በሽተኛ እንዳይጠብቅ አድና በቀን አንድ ዙር እንድትጨምር ጠይቋል። ፈቃዱ ይምጣ አይምጣ አያውቅም።

አውራ ጣቱን መስተዋቱ ላይ አሳረፈ። ወራሽ ሳሚን ለስልሳ ሰባት ዓመት በሰው ስምነት መዝግቦ ስለያዘው ጥያቄውን ያቀረበው በዚያው መልክ ነው፤ «ሳሚ ማን ነው?»

ይርሳው ጻፈ፤ «ሳሚ ማለት የክብራን ገብርኤልን ለመሳለም ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ተሳፋሪ ነው።»

«ይህ የሰው ስም አይደለም» አለ ወራሽ። «ሳሚ ማን ነው?»

አሳጥሮ ጻፈ። አስረዝሞ ጻፈ። የሰንጠረዡን ቁጥር አስገባ። ወራሽ በየጊዜው በዚያው ጨዋ አጻጻፍ ያንኑ መለሰ። ከሳሚ ሥር ያለው ቀይ ጽሑፍ «አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል» ይላል። ፈንታነሽ ሠላሳ አራት ዓመት ይለፍ ያለችበት መስተዋት አንድን እውነት አላሳልፍ ሲል እያየች የስንዱን እጅ አጥብቃ ያዘች።

ይርሳው እጁን አነሳ። የጻፈውን ሁሉ አጠፋ። ከዚያ ሁለት ቃል ብቻ ጻፈ፤ «እኔ ነኝ።»

«ውሸት ነው ቢሉስ?» አለችው ፈንታነሽ፤ ጣቱ አሳዘናት። «ጣትህ ይነሳል እኮ።»

«ውሸት አይደለም» አላት።

ቀዩ ጽሑፍ ጠፋና በቦታው አረንጓዴ መጣ።

«ሳሚ ተገኝቷል። በሕይወት አለ።»